የት ታድራለች? የት ትውላለች? ማን ይጠግናታል? የቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና አመራረጥ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለ10 ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ከድምፅ በታች ይሆናል)

  

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤት የእራት ሰዓት ወሬ ሆኗል። መኪና እንግዛ ይባላል። የትኛዋን? ሲባል ግን ወሬው ወደ ክርክር ይለወጣል። አንዱ ቢዋይዲ ይላል፣ ሌላው ቮልስዋገን፣ ሦስተኛው ደግሞ ቶዮታ ካልሆነ መኪና አልልም ይላል።

እንደምታስታውሱት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የቤት መኪና የሚያስብ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ኤሌክትሪክ ማሰቡ አልቀረም። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችንም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ኃይሉ ከውኃ፣ መኪናዋ ከኤሌክትሪክ ከሆነ ነገሩ ደስ ይላል።

ግን ደስ ማለቱ ብቻውን መኪና አያስመርጥም። ዛሬ የምንነጋገረው የትኛው ፋብሪካ ይበልጣል በሚለው ላይ አይደለም። ቤተሰቡ ራሱን ሊጠይቃቸው ስለሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ካላችሁ ያዙ።

(አጭር የሙዚቃ ምልክት)

አንደኛ፦ መኪናዋ የት ታድራለች?

ሁለተኛ፦ የት ትውላለች?

ሦስተኛ፦ ስትበላሽ ማን ይጠግናታል?

ልድገመው። የት ታድራለች? የት ትውላለች? ማን ይጠግናታል? እነዚህን ሦስቱን ሳይመልስ ቀብድ የሚከፍል ቤተሰብ፣ የመረጠው መኪና ሳይሆን ቀለም ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይቆማል)

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቤት ጎራ እንበል። አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አያታቸው ይኖሩበታል። የዝግጅት ክፍላችን የፈጠረው ቤተሰብ ነው፤ ግን ታውቁት ይሆናል።

(ድምፅ፦ በር ሲከፈት፣ የእራት ሳህን)

ባል፦ አገኘኋት! ዛሬ ደላላው ያሳየኝን ብታዪ! አንዴ ቻርጅ ከተደረገች 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።

ሚስት፦ ጥሩ ነዋ። ስንት ሰው ትይዛለች?

ባል፦ አራት።

ሚስት፦ እኛ ስንት ነን?

ባል፦ እ… እኔ፣ አንቺ፣ ሁለቱ ልጆች…

አያት፦ እኔንስ? ዕቃ መጫኛው ላይ ልታስረኝ ነው?

ባል፦ (እየሳቀ) አንቺ ደግሞ እማዬ!

ሚስት፦ እማማ እውነታቸውን ነው። ደግሞስ ማታ የት ነው የምንሰካት? አራተኛ ፎቅ ነን እኮ።

ባል፦ ገመድ በመስኮት እናወርዳለና።

አያት፦ አውርድ። ጎረቤት ልብስ ሲያሰጣበት ታያለህ።

(ሳቅ፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

አያችሁ? እኚህ እናት መኪና ነድተው አያውቁም። የጠየቁት ጥያቄ ግን ከ405 ኪሎ ሜትሩ ይልቅ ቁም ነገር አለው። አባወራው ያያት ቢዋይዲ ሲጋል ናት፤ በከተማችን በብዛት የምናያት ትንሽ መኪና። ትልቁ ባትሪ ያላት በቻይና መለኪያ 405፣ ትንሹ ያላት 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፎባታል። መቀመጫዋ ግን ለአራት ሰው ነው። አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት አንድ ሰው ሁልጊዜ ታክሲ ይጠብቃል ማለት ነው። ማን ይሆን? ይህንን ከመግዛት በፊት መነጋገር ይሻላል።

(የሙዚቃ ምልክት)

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። መኪናዋ የት ታድራለች?

የነዳጅ መኪና የትም ብታድር ጠዋት ማደያ ሄዶ መሙላት ይቻላል። የኤሌክትሪክ መኪና የምትሞላው በአመዛኙ ስትቆም፣ በተለይም ሌሊት ነው። ስለዚህ ማደሪያዋ ማደያዋም ነው። ከመኪናው በፊት ሶኬቱን ፈልጉ የምንለው ለዚህ ነው።

ምን ያህል ኃይል ትፈልጋለች? ኪሎ ዋት የሚለው ቃል የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የእንጀራ ምጣዳችሁን አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው፣ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ግን ወደ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ከምጣድ ያንሳል! ግድግዳ ላይ የሚገጠመውና 7 ኪሎ ዋት የሚስበው ቻርጀር ደግሞ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው።

ታዲያ ቀላል ነው እንዴ? አዎም፣ አይደለምም። ምጣዱ ቢበዛ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ይጣዳል፣ ከዚያ ይነቀላል። መኪናዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ትስባለች። ሽቦው ቀጭን፣ ሶኬቱ የላላ ከሆነ ይሞቃል፤ ሲብስም ይቀልጣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አሠሩ። የኤክስቴንሽን ገመድ ላይ አትሰኩ። ደግሜ ልበለው፦ ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ኧርዝ። ወደ መሬት የሚወርደው መስመር ማለቴ ነው። ብዙ ቤቶች ላይ ወይ የለም፣ ወይ ለስሙ ነው ያለው። ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ሲል መኪናዋ ተበላሸች ብሎ የሚደናገጥ ብዙ ነው። አልተበላሸችም። ቻርጀሩ ኧርዝ ፈልጎ አጥቶ ነው። ለደኅንነታችሁ ሲል እምቢ ብሏችኋል። ኧርዙን አሠሩለት እንጂ አታታልሉት።

(አጭር ዕረፍት)

ተከራይ ለሆናችሁ አድማጮች ደግሞ አንድ ምክር አለን። በግቢው ያለው ቆጣሪ የጋራ ነው ወይስ የግል? የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፈለውም ሒሳብ ይጨምራል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና በወር ከ150 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ልትጨምር ትችላለች። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የእናንተ መኪና የግቢውን ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው ደረጃ ትስባለች። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሳትሆን ጉርብትናው ነው የሚበላሸው። አስቀድማችሁ ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፤ ቢቻል ለብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ አስገቡ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም እንዲሁ። ከፎቅ ገመድ ማውረድ ዝናብ ሲመጣ አደጋ ነው፤ ልጆችም ይጫወቱበታል። ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር ሆናችሁ መኪና ማቆሚያው ላይ በሥርዓት መስመር የሚዘረጋበትን መንገድ ጠይቁ። ይህ የማይሆን ከሆነ የመሥሪያ ቤታችሁ ግቢ መሰኪያ ይፈቅዳል? በየሳምንቱ ሄዳችሁ የምትሞሉበት የቻርጅ ጣቢያስ ቅርብ ነው? ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌብር የሚከፈልባቸው ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያዎች ከፍቷል፤ ሌሎችም እየከፈቱ ነው። ይረዳሉ። ግን ከሥራ በኋላ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ የቤት ሶኬትን አይተካም።

ጣቢያ የምትጠቀሙ ከሆነ የመሰኪያውን ዓይነት ጠይቁ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 የሚባለውን። አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ሰፈራችሁ ያለው ጣቢያ የትኛው አለው? ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

እንግዲህ መብራት ቢጠፋስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚገኘው በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

(የሙዚቃ ምልክት)

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መኪናዋ የት ትውላለች?

ወደ አያት ሰፈሩ ቤተሰብ እንመለስ። እናት ሥራዋ ሜክሲኮ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት መንገዷ ላይ፣ መገናኛ ነው። ደርሶ መልሱ፣ ገበያው፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩ ተደምሮ በቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል እንበል። ትንሽ መኪና ለዚህ የምትፈጀውን ኃይል ከተራ ሶኬት ለመመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃታል። ማታ 2 ሰዓት ተሰክታ ንጋት 12 ሰዓት ብትነቀል ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ትሞላለች።

ስለዚህ መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ ምን ይመጣል? ምንም። ሁለት ሌሊት ቢጠፋስ? ባትሪዋ ከሲሶ በታች እንዲወርድ መተው ካልለመዳችሁ አሁንም ምንም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የትልቅ ባትሪ ጥቅሙ ሩቅ መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ለክፉ ቀን ስንቅ መሆኑም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ለከተማ ውሎ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና አያስፈልግም። ብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚሄደው መንገድ ነው። ለዓመት በዓል አገር ቤት ለመሄድ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ባትሪ መሸከም ያዋጣል? ወይስ ለዚያ ጊዜ የወንድም መኪና መዋስ፣ በአውቶቡስ መሄድ ይሻላል? ለእያንዳንዱ ቤት መልሱ ይለያያል። ሳይጠየቅ ግን አይታለፍ።

አሁን የተጻፈውን ኪሎ ሜትር እንዴት እንደምናነብ እንይ። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የምትባለውን ውሰዱ። ውጭ አገር አቶ 3 ትባላለች። ትልቁ ባትሪ ያላት በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። ያው ባትሪ ተገጥሞላት በአውሮፓ መለኪያ ስትለካ 420 ሆነች። መኪናዋ ተቀየረች? አልተቀየረችም። የቻይናው መለኪያ ዝግ ብሎ የሚነዳበትን ጊዜ ስለሚያበዛ ቁጥሩ ያምራል። ደላላው 510 ሲላችሁ እናንተ በልባችሁ ቢያንስ ሩቡን ቀንሱ። ፈጣን መንገድ ላይ ከሆነማ ሲሶውን ቀንሱ።

የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ወጣ ገባ ነው። አዳማን እንውሰድ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስትወርዱ መኪናዋ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ኃይል ወደ ባትሪው ትመልሳለች፤ ቁጥሩ አልቀንስ ሲላችሁ ደስ ይላችኋል። መልሱን አስቡ እንግዲህ! ያንን ሁሉ ከፍታ መውጣት አለ፤ በፈጣኑ መንገድ ፍጥነት ደግሞ ነፋሱን መግፋት አለ። ዳገቱ ብቻውን ትንሽ መኪና በከተማ ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትነዳበትን ኃይል ይወስዳል። 305 ኪሎ ሜትር የተባለችው መኪና 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የአዳማ ደርሶ መልስ ሳትሞላ ስትጨርስ ባትሪዋ ሊያልቅ ይደርሳል። አዳማ ላይ ምሳ እየበላችሁ ብትሰኳት ግን ጭንቀት የለም።

ከፍታ ጥቅምም አለው። የነዳጅ ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይደክማል፤ እንጦጦን ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት የሚያስፈራቸው አዲስ አሽከርካሪዎች ይህንን ይወዱታል።

የሰፈራችሁንም መንገድ አትርሱ። ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነው። ለሙከራ ስትነዷት ብቻችሁን አትሁኑ፤ ቤተሰቡን በሙሉ ጫኑና የሰፈራችሁን ኮብልስቶን፣ የበራችሁን ዳገት፣ ያንን የምታውቁትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አሻግሯት። ሆዷ ነካ? ከነካ ተዉአት። አያትም ይግቡ ይውረዱ፤ ጉልበታቸው ምን አለ? መልሱን ከእሳቸው ስሙ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ምን አልን? የት ታድራለች ብለን ሶኬቱን፣ ኧርዙንና ቆጣሪውን አየን። የት ትውላለች ብለን የዕለት መንገዱን፣ ዳገቱንና የቤተሰቡን ቁጥር አየን። አንድ ጥያቄ ቀረን።

ማን ይጠግናታል?

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ሁለት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። አንዱ ምንም አትበላሽም ይላል። ሌላው ከተበላሸች አለቀላት ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

እውነት ነው፤ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ማርሚታ የለ፣ የሞተር ዘይት የለ። የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም፤ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚይዝ። ጎማ ግን ቶሎ ይበላል። መኪናዋ ከባድ ናት፣ አነሳሷም ኃይለኛ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ የአየር መሙያና የመድፈኛ ፈሳሽ ነው የሚሰጣችሁ። ስትገዙ ኮፈኑንም የኋላውንም ከፍታችሁ እዩ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ትልቁን ባትሪ ነው። መንገድ ላይ የሚያስቆመው ግን ብዙ ጊዜ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። አዎ፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ ባትሪ አላት። እሷ ስትሞት በሩ እንኳን አልከፈት ይላል። በየጊዜው ማስመርመርና ሲደክማት መቀየር ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ዕለት ተዕለት የሚያስቸግረውስ? ስፖኪዮ፣ የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ የፊት መስታወት። በአዲስ አበባ ትራፊክ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ሻጩን ባትሪዋ ስንት ዓመት ትቆያለች ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «የዚህችን መኪና ስፖኪዮ ዛሬ ልግዛ ብል የት አገኛለሁ? በስንት?» በሉት። ዓይን ዓይናችሁን ካየና ከቻይና እናስመጣለን ካላችሁ፣ ስንት ወር ብላችሁ ጠይቁ።

ዋስትናንም በወረቀት እዩ። ፋብሪካው ለባትሪ የሚሰጠው የዓመታት ዋስትና፣ መኪናዋን ሌላ ነጋዴ ከሌላ አገር ገበያ ገዝቶ ሲያመጣት አብሯት ላይመጣ ይችላል። ዋስትናውን የሰጠው ማን ነው? እዚህ አገር ጋራዥ አለው? በከፍተኛ ቮልቴጅ የሠለጠነ ባለሙያ አለው? ኢንሹራንሳችሁስ ከሥር የተመታ ባትሪን ይሸፍናል? ውሉን አንብቡ።

ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነ ስክሪኗንም ክፈቱት። ቻይንኛ ብቻ ነው? ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ማንበብ የማትችሉት ስክሪን ችግር ነው። ቋንቋው ከመግዛታችሁ በፊት፣ እናንተ ቆማችሁ ይቀየር፤ ነገ እናስተካክላለን አይሁን።

(አጭር ዕረፍት)

ያገለገለች መኪና ለምትገዙ አንድ ቃል። በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻ አትመኑ። የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያሳይ ምርመራ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ሳይሠራ ሊብሬ አትቀበሉ። የባትሪውን ዓይነትም ጠይቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ከዚህ ወገን ነው፣ እስከ መቶ ቢሞላ ብዙም አይጎዳም። ኤንኤምሲ የሚባለው ደግሞ ለዕለት ውሎ እስከ 80 በመቶ ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል፤ መቶውን ለሩቅ መንገድ አቆዩለት።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው። የአያት ሰፈሩ ቤተሰብ መጨረሻ ምን ወሰነ? ትንሿን መኪና ተዉ። ለአምስት ሰው የምትበቃ፣ ባትሪዋ ግን መካከለኛ የሆነች መረጡ። ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ግን ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው ማቆሚያቸው ላይ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር አስዘረጉ። ለጎረቤትም መንገድ ከፈቱ፤ አሁን ሦስት ሌሎች ቤተሰቦች እየጠየቁ ነው።

የእናንተ የሳምንቱ የቤት ሥራ ይኸውና። ለሰባት ቀን ቤተሰቡ በየቀኑ የት የት እንደሄደ ጻፉ፤ በታክሲም ይሁን በእግር። በሰባተኛው ቀን ደምሩት። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ ሶኬቱንና ኧርዙን አስፈትሹ። ከዚያ ሰፈራችሁ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው ፈልጉና ስለ ፍጥነቷ ሳይሆን መጨረሻ የተጠገነችው የት እንደሆነ ጠይቁት።

ሦስቱን መልሶች ይዛችሁ ወደ መሸጫው ስትሄዱ፣ ጠያቂዎቹ እናንተ፣ መላሹ ሻጩ ይሆናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቻርጅ ማድረጊያ መስመር ሲዘረጋ የሽቦ ውፍረት እንዴት እንደሚመረጥ ባለሙያ ጋብዘን እንጠይቃለን። ጥያቄያችሁን ከአሁኑ ላኩልን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!

(የመውጫ ሙዚቃ)